የሆላንድ ጎመን

ኅዳር 17

ይህን ደብተር የገዛሁት የጸሎት ርዕስ ልጽፍበት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ስለ ሱቁ፣ ስለ ካሳሁን የወገብ ሕመም፣ ስለ ወንድሜ ዮሴፍ ትዳር» ይላል። ሌላው ባዶ ነው። ዛሬ ተንበርክኬ ቃል አልወጣ ሲለኝ ተነስቼ ልጻፍ አልኩ።

ዮሴፍ ከአዲስ አበባ የላከው ካርቶን ገባ። ከአስመጪዎች እየገዛ የሚልክልኝ እሱ ነው። እኔ እዚህ ቡታጅራ ለገበሬው እሸጣለሁ፤ የአትክልት ዘር፣ የተባይ መድኃኒት፣ መርጫ። ዓምና የሆላንድ ጥቅል ጎመን ዘር አምጥቶልኝ ገበሬው ተሻምቶበት ነበር። ዘንድሮም ያንኑ እየጠየቁ ከጥቅምት ጀምሮ ደጄን ሲረግጡ ከርመዋል። ካርቶኑን ስከፍት ፓኬቱ ሌላ ነው። የቻይና ጽሑፍ፣ ከሥሩ ደቃቅ እንግሊዝኛ። ታች ደግሞ አንድ ጥቅል ስቲከር ተቀምጧል። ጎመን ተስሎበታል፣ የሆላንድ ባንዲራ አለበት፣ በአማርኛ «የሆላንድ ምርጥ ዘር» ይላል።

ደወልኩለት።

«ዮሴፍ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የሆላንዱ አልገባም እታለም፣ ዶላር ጠፍቶ። እሱን ለጥፊበት።»

«እንዴት ብዬ?»

«በእጅሽ ነዋ! ዘር ዘር ነው። ጎመን ፓስፖርት ይጠየቃል እንዴ?»

ሳቅሁ። መቆጣት ሲገባኝ ሳቅሁ። አንዴ ከሳቅሁ በኋላ ደግሞ መቆጣቱ አልሆን አለኝ።

ኅዳር 18

እራት ከተበላ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ሆኜ ለጠፍኩ። ስቲከሩ በልኩ ተሠርቷል፤ ደቃቁን ጽሑፍ በሙሉ ይሸፍናል። ካሳሁን አጠገቤ ፈተና ያርማል። ባሌ የሒሳብ አስተማሪ ነው፣ በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ እንደኔው አገልጋይ። ቀና ብሎ የማደርገውን አየ። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ።

«ይሄኛው ተንጋዷል» አለና አንዱን ፓኬት ወደኔ ገፋው።

ነቀልኩትና ቀጥ አድርጌ ለጠፍኩት። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ሥራችንን ቀጠልን።

ኅዳር 20

የገበያ ቀን። ሰው በሰው ላይ። አጭር ልጻፍ።

ጋሽ ሙሀመድሰይድ መጡ። መሬታቸው መስቃን፣ ወደ ቆሼ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። አንድ የውሃ ፓምፕ በጋራ ለሚጠቀሙ አምስት ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ዘር ሊገዙ ተልከው ነው የመጡት። ፓኬቱን አገላብጠው አዩት።

«የሆላንዱ ነው፣ ልጄ?»

«ይኸው ጋሼ፣ ተጽፎበታል።»

«እኔ ማንበብ መቼ ችዬ። ፊትሽን ነው የማየው።»

ፊቴን አዩ። ምን እንዳዩበት አላውቅም። ጎረቤቴ ባሂራ ከበርበሬዋ ላይ ተነስታ መጣች። የወንድማቸው ልጅ ናት። «አጎቴ፣ ውሰድ እንጂ! ፀሐይ ጴንጤ ናት፣ ውሸት አታውቅም» አለችና ሳቀች። ወሰዱ። ካርቶኑ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው።

«የሆላንድ ነው» አላልኩም። ይህ ይጻፍልኝ። ከአፌ አልወጣም። ተጽፎበታል ነው ያልኩት፤ ደግሞም ተጽፎበታል።

ታኅሣሥ 2

ስለ ባሂራ አንድ ነገር ልጻፍ፤ ዛሬ አስቃኝ አናዳኛለች።

ሱቆቻችን ግድግዳ ለግድግዳ ናቸው። ግድግዳ ማለት ሳንቃ ነው፤ እሷ ስታነጥስ እኔ «ይማርሽ» እላለሁ። የብረት መዝጊያዎቻችን ከባድ ስለሆኑ ጠዋት ጠዋት የኔን አብረን እናነሳለን፣ ከዚያ የሷን። ዛሬ አንድ መኪና ያለው ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ የማረቆ በርበሬ ጠየቃት። ሁለት ጆንያ አላት። ሰውየው ቀላ ያለውን መረጠ።

«እሱ የሀላባ ነው ጌታዬ። የማረቆው ያኛው ነው» አለችው።

ሰውየው ፊቱን አጨማደደና «እዚያ ማዶ ሁሉም የማረቆ ነው ብለውኛል» ብሎ ሄደ። ሄዶም ማዶ ገዛ፤ በዐይኔ አየሁት።

«ምን አስለፈለፈሽ? ሁለቱም በርበሬ አይደለም?» አልኳት።

«ሰውየው እኮ ወስዶ ለሚስቱ "የማረቆ ነው" ብሎ ሊሰጣት ነው። ሴትዮዋን ምን አድርጋኝ ልዋሻት? አላውቃትም እንኳ!»

ቀኑን ሙሉ ይህችን እያሰብኩ ዋልኩ። አላውቃትም እንኳ።

ታኅሣሥ 19

ችግኙ በቅሏል ብለው ጋሽ ሙሀመድሰይድ በሰው ሰላምታ ላኩልኝ። አንድም ዘር አልከሸፈም አሉ። እሰይ! እኔም በከንቱ ስጨነቅ። ዘር ዘር ነው።

ጥር 4፣ እሑድ

በቤተ ክርስቲያን ስለ ታማኝነት ተሰበከ። ሰባኪው «በከተማችን አንዲት እህት አለች፤ ሙስሊሙ ገበሬ ሳይቀር ቃሏን አምኖ ከእጇ የሚገዛ» አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ካሳሁን ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ ምን አደረግሁ? አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸው።

ጥር 27

ጎመኑ ቅጠሉ አማረ አሉ። ትልልቅ ቅጠል። ደስ ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም።

የካቲት 14

ዑመይር የባሂራ ልጅ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል፣ በቆሼ መንገድ ይመላለሳል። ዛሬ ከሱቄ ደጅ ቆሞ ለእናቱ «የአጎትሽ ጎመን እንደ አበሻ ጎመን ተበትኗል፣ አልጠቀልል ብሏል» ሲላት ሰማሁ። ባሂራ «ገና ነው፣ ጊዜው አልደረሰም» አለችው።

ጊዜው ደርሷል። ከሁለቱም ይልቅ እኔ አውቃለሁ።

የካቲት 18

ሄጄ አየሁት። ባላይ ይሻለኝ ነበር።

ከመንገዱ ዳር እስከ እንሰቱ ድረስ አረንጓዴ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ያስደስታል። ቀርቤ ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አደረግሁ። መሐሉ ባዶ። ሌላውንም ገለጥኩ፣ ባዶ። መጠቅለል የነበረበት ልቡ ተከፍቶ ወደ ሰማይ ያያል። የአምስቱም ጎረቤት ማሳ እንደዚያው ነው። ነጋዴ እንዲህ ያለውን አይገዛም፤ ለከብት ካልሆነ።

ጋሽ ሙሀመድሰይድ አልተቆጡም። ቢቆጡ በወደድኩ።

«ምን አጠፋን ልጄ? ውሃው ነው?»

«ውሃ በዝቶበት ይሆናል» አልኩ።

«ማዳበሪያውስ?»

«ዩሪያም ሲበዛ ቅጠል ብቻ ያበዛል።»

ይህ እውነት ነው። ዩሪያ ሲበዛ ቅጠል ያበዛል። የተናገርኩት ሁሉ ለየብቻው እውነት ነው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ልጃቸው ዞረው «አብዝተሃል አላልኩህም?» አሉት። ልጁ አቀረቀረ። በኔ ፊት፣ በኔ ምክንያት አቀረቀረ፤ እኔም እያየሁ ዝም አልኩ። ስመለስ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አሸከሙኝ። አልቀበልም ማለት ነውር ነው። ቅቤው ኩሽና ተቀምጧል፤ አልነካሁትም።

የካቲት 20

ወልቂጤ ዘር የሚነግድ ባዩ የሚባል ሰው አለ፤ እሱም ከዮሴፍ ነው የሚወስደው። ደወልኩለት። ለምን እንደደወልኩ ልንገረው ለዚህ ደብተር፦ የሱም ከሽፎ ይሆናል ብዬ ነው። ተስፋዬ ያ ነበር።

«የኔ ጥሩ ነው» አለኝ። «ደጋ ለሚያርሱት ሸጥኩት። የሕፃን ራስ የሚያክል ጠቅልሎላቸዋል።»

«ስቲከሩን ለጥፈህ?»

«የቱን ስቲከር? እኔ ቻይናነቱን ተናግሬ ነው የሸጥኩት። መጀመሪያ አፍንጫቸውን ነፉብኝ፣ በኋላ ገዙ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ደጋ ላይ ጠቀለለ፣ ቆላ ላይ እምቢ አለ። ለምን እንደሆነ ማወቅ የምችልበት ቦታ አለ። ሱቅ ውስጥ የቀሩ ፓኬቶች አሉ። አልከፈትኳቸውም።

የካቲት 25

ረመዳን ገብቷል። ባሂራ ጠዋት መዝጊያውን ስታነሳ እጇ ይደክማል። «አንቺ ተቀመጪ» እላታለሁ፣ እምቢ ትላለች።

ገበሬዎቹ ሌላ ነገር መጠርጠር ጀምረዋል። ከተማ የተማረ አንድ ዘመዳቸው «ዘሩ የሆላንድ ላይሆን ይችላል» ብሏቸዋል። በሳምንቱ ሽማግሌ ይቀመጣል ተባለ። እኔም ተጠርቻለሁ። ዮሴፍ «የገዛሁት እንደዚሁ ታሽጎ ነው በያቸው» አለኝ። ካሳሁን «እውነቱን ተናገሪ» አለኝ። «የቱን እውነት?» ስለው የወገቡን መድኃኒት የት እንዳስቀመጥኩ ጠየቀኝ።

መጋቢት 3

ዛሬ የሆነውን በሙሉ ልጻፍ። 

የተቀመጥነው ጋሽ ሙሀመድሰይድ ግቢ፣ እንሰቱ ጥላ ሥር ነው። ሁሉም ጾመኛ ነው፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ባሂራ አብራኝ መጣች። ማንም አልጠራትም። «ብቻሽን ከወንዶች መሐል አትቀመጪም» ብላ ሱቋን ዘግታ መጣች። ሐጂ ናጃህ የሚባሉት ሽማግሌ ነገሩን ከፈቱ። ሰላምታው፣ ምርቃቱ፣ ከዚያ ማሳው። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም።

በመጨረሻ ሐጂ ናጃህ እንዲህ አሉ፦ «እኛ ወረቀት አናውቅም። በአገራችን ሻጭ ከተጠረጠረ ይምላል። ከማለ ነገሩ አለቀ፣ ጉዳቱን ከአላህ እንቀበለዋለን። ልጄ፣ ማይልንና እንነሳ።»

«እኛ አንምልም» አልኩ። «ሃይማኖታችን አይፈቅድም። ቃላችን አዎን ከሆነ አዎን ነው።»

ይህ እውነት ነው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ምዬ አላውቅም። ዛሬ ግን መሸሸጊያ አደረግሁት። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሐጂ ናጃህ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ምን እንደሚሉ አወቅሁ። «እሺ፣ ሳትምይ ንገሪን። አዎን ነው?» ሊሉኝ ነው። እዚያ ላይ ያልቅልኛል። በአፌ አልዋሸሁም የምላት ነገር ያን ጊዜ ታልቃለች።

ባሂራ ተነሳች።

«እሷ ባትምል እኔ እምልላታለሁ» አለች። «ይህን ሁሉ ዓመት ጎን ለጎን ነግደናል። ወላሂ ፀሐይ አላታለለቻችሁም። ዘሩም ያለችው ነው። ውሸቴን ከሆነ ዑመይርን ይንሳኝ።»

ጾም ይዛ፣ በአንድ ልጇ ማለች። ጋሽ ሙሀመድሰይድ ዐይናቸውን በመዳፋቸው አበሱና «የወንድሜ ልጅ ከማለች ለኔ በቅቶኛል» አሉ። ዱዓ ተደርጎ ሰው ተበተነ።

እፎይ አልኩ። ይህንንም ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም። ባሂራ በልጇ ስትምል እኔ እፎይ አልኩ። ስንመለስ ባጃጁን የነዳው ራሱ ዑመይር ነበር። ከኋላ ተቀምጬ ማጅራቱን አይ ነበር።

መጋቢት 6

እንቅልፍ የለም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ነቅዟል።

መጋቢት 9

ነገ እነግራታለሁ።

መጋቢት 10

አልነገርኳትም። ልታፈጥር ነው፣ ተርባለች፣ በባዶ ሆዷ እንዴት ልንገራት አልኩ። ካፈጠረች በኋላ ደግሞ ደስ ብሏት በልታ እንዴት ላሳዝናት አልኩ። ለሁሉም ሰዓት ሰበብ አለኝ።

መጋቢት 16

ዑመይር

ባጃጁ ከቆሼ ሲመለስ ተገለበጠ። በሕይወት አለ። እግሩ ተሰብሯል፣ ራሱም ተፈንክቷል። ሆስፒታል ነን። ባሂራ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች።

መጋቢት 17

ተሻለው፣ ዐይኑን ገለጠ። ጌታ ሆይ ተመስገን። ተመስገን ስል ግን ቃሉ አፌ ውስጥ ይጎረብጠኛል።

መጋቢት 19

በሳንቃው በኩል የሰማሁት። ሁለት ሴቶች ናቸው፤ በርበሬ ሊገዙ መጥተው የባሂራ ሱቅ ተዘግቶ አገኙት።

«ጾም ይዛ ማለች አሉ።»

«መሐላው ያዛት እንጂ። ውሸት ባይሆን ልጁ ምን አደረገ?»

«አጎቷን ሸጠች! ለጓደኛዋ ብላ የገዛ ሥጋዋን!»

ወጥቼ «አይደለም» ማለት ነበረብኝ። ሚዛኑን መወልወል ጀመርኩ። ንጹሕ ነበር።

መጋቢት 20

ሾርባ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ልጁ ተኝቷል። ባሂራ ኮሪደር ላይ ወስዳ አስቀመጠችኝ፤ እጄን ይዛ አለቀቀችም።

«ፀሐይ፣ ሰው የሚለውን ሰምቻለሁ። አንቺን ለአፍታ አልጠረጠርኩም። ከአንቺ አይደለም። ከኔ ነው።»

«ምን አድርገሽ ባሂራ?»

«እሱን ነው የምፈልገው። ሌሊት ሁሉ እፈልጋለሁ። ዓምና ዝናብ ሲመታው የረጠበ በርበሬ ነበር፤ አድርቄ ሸጥኩት እንጂ ዘንቦበት ነበር አላልኩም። እሱ ይሆን? የዘይባን ወንፊት ወስጄ አልመለስኩም። ከአማቴ ጋር ተኳርፈን ሳንታረቅ ሞተች። ከነዚህ አንዱ ይሆናል። እናንተ ትጸልያላችሁ አይደል? ምን እንዳጠፋሁ እንዲያሳይሽ ጸልዪልኝ።»

እሺ አልኳት። ጌታ ይመስክርብኝ፣ «እሺ፣ እጸልያለሁ» አልኳት።

ቤት ስገባ ኩሽና ገብቼ ቅቤውን አየሁት። ሸቷል።

መጋቢት 22

ዒድ ነበር። ዓምና በዚህ ቀን የባሂራ ቤት ሰው አይችለውም፤ ከመስቃን አጎቷ፣ የአጎቷ ልጆች፣ ጎረቤት። ዘንድሮ ያበሰለችውን ይዛ ደጅ ደጁን ስታይ ዋለች። ጋሽ ሙሀመድሰይድ አልመጡም፤ ሰውም አልላኩም። የበላሁላት እኔ ብቻ ነኝ። «ብዪ እንጂ» እያለች ታጎርሰኛለች። ጎረስኩ።

መጋቢት 23

ሱቅ ዘግቼ የቀረውን ፓኬት አወጣሁ። ስቲከሩን በውሃ አርሼ በጥፍሬ ላጥኩት። ከሥሩ ያለው ደቃቅ እንግሊዝኛ ይህ ነው፤ ቃል በቃል ገለበጥኩት ለራሴ፦ የተመረተበት አገር ቻይና። ለቀዝቃዛ ወቅትና ለደጋ መሬት ብቻ። በሙቀት አይጠቀልልም።

በሙቀት አይጠቀልልም።

ዘሩ መጥፎ አልነበረም። ከየት እንደመጣና የት እንደሚሆን ራሱ ላይ ተጽፎ ነበር። እኔ አገሩን ስደብቅ ምክሩንም አብሬ ደበቅሁት። ካሳሁን «ተንጋዷል» ያለው ፓኬት ትዝ አለኝ። ያን ቀን ነቅዬው ነበር፤ ጽሑፉ ከዐይኔ ሥር ነበር። ጋሽ ሙሀመድሰይድ ማንበብ አይችሉም። እኔ እችላለሁ፣ አላነበብኩም።

ለካሳሁን አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበ፣ አወለቀ።

«ንስሐሽን ለጌታ ተናገሪ። ይበቃል» አለ። «ወደ ሽማግሌ ወስደሽ ቤታችንን ለምን ታፈርሻለሽ? እኔስ በምን ፊቴ መድረክ ላይ እቆማለሁ?»

«ቀጥ አድርጊው ያልከኝ አንተ ነህ!»

«እኔ ተንጋዷል ነው ያልኩት።»

ተያየን። እሱም በአፉ አልዋሸም። ለካ አንድ ዓይነት ነን። ጭንቅላቴን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ አለቀስኩ፤ እሱም ትከሻዬ ላይ እጁን አስቀመጠ።

መጋቢት 24

ዮሴፍ፦ «እብድ ነሽ? ፈቃድሽን ይቀሙሻል! ደግሞስ ልጁ የወደቀው ከባጃጅ ነው፣ ከጎመን አይደለም።»

እሱስ እውነቱን ነው። ዑመይርን የጣለው መሐላ ነው ብዬ እኔም አላምንም። ባሂራ ግን ታምናለች። አጎቷም ያምናሉ። ከዚህ በላይ ምን ሊሆን ነው?

መጋቢት 27

ለሐጂ ናጃህ ላክሁባቸው። ለከነገ ወዲያ ሰው ይሰብስቡልኝ አልኩ። ለባሂራ ግን ምን እንደሆነ አልነገርኳትም። አሁንም ፈራሁ።

መጋቢት 29

አለቀ። ማታ ነው፤ ካሳሁን ተኝቷል ወይም የተኛ መስሏል።

ያው የእንሰት ጥላ፣ ያው ሰዎች። ጎመኑን ነቅለውታል፤ ማሳው ላይ ከብት ገብቶበታል። ቆሜ ተናገርኩ። ዘሩ የሆላንድ አይደለም፣ እያወቅሁ ለጠፍኩበት፣ ባሂራ የምታውቀው ነገር የለም አልኩ።

ማንም አላመነኝም።

ይህን አልጠበቅሁም ነበር። ሐጂ ናጃህ በርኅራኄ አዩኝ። «ልጄ፣ ጓደኛሽ መከራ ላይ ናት። እሷን ለማዳን ብለሽ ጥፋት በራስሽ ላይ ማምጣትሽ ደግነት ነው። ግን በሐሰት አይሆንም» አሉ። ዳር የተቀመጠ አንዱም «ጴንጤ እኮ እንዲህ አያደርግም» ሲል ሰማሁት። ያን ሁሉ ዓመት የነገድኩበት ስም መልሶ አፌን ዘጋው።

«ፓኬቱ አላችሁ?» አልኩ።

ጋሽ ሙሀመድሰይድ ገብተው ልብሳቸውን ከሚያስቀምጡበት ሣጥን ባዶውን ፓኬት አወጡ። ጥሩ ነገር ነው ብለው አጣጥፈው አስቀምጠውታል። ውሃ ለመንኩ። አርሼ፣ ጎመኑን፣ ባንዲራውን፣ ሁሉንም በጥፍሬ ፋቅሁት። ያ ከተማ የተማረ ዘመዳቸው ተቀብሎኝ ጮክ ብሎ አነበበ፤ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ በአማርኛ፣ ከዚያ ለሽማግሌዎቹ በጉራጊኛ። በሙቀት አይጠቀልልም ሲል የጋሽ ሙሀመድሰይድ ልጅ፣ ያ «ዩሪያ አብዝተሃል» የተባለው፣ ቀና ብሎ አየኝ። ከሁሉም ዐይን የሱ ከበደኝ። 

«ዘሩን አየን» አሉ ሐጂ ናጃህ። ድምፃቸው ተለውጧል። «ባሂራስ? ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም?»

«አታውቅም።»

«ቃልሽ ዛሬ አይበቃንም።»

ልክ ናቸው። ምን ቃል አለኝ? ቀኝ እጄን አነሳሁ። እናቴ ብታየኝ ምን ትል ነበር፣ ሰባኪው ቢያየኝ ምን ይል ነበር እያልኩ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማልኩ።

«እግዚአብሔርን! ባሂራ አታውቅም ነበር። የማለችው እኔን አምና ነው።»

ያን ጊዜ ነው ከኋላዬ መሆኗን ያወቅሁት። ከሆስፒታል ስትመጣ ዘግይታ፣ ከበሩ አጠገብ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ጋሽ ሙሀመድሰይድ ተነሱ፤ ሽማግሌው ሰው በወንድማቸው ልጅ ፊት አንገታቸውን ደፍተው «አፉ በይኝ፣ ልጄ» አሏት። እጃቸውን ሳመች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። ትጮኻለች፣ ትሰድበኛለች፣ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ጾመኛ ነበርኩ እኮ፣ ፀሐይ» አለች።

 ሽማግሌዎቹ ካሳ ቆረጡብኝ፤ እከፍላለሁ፣ ለክረምቱም የሚሆናቸውን ዘር በስሙ ጠርቼ እሰጣለሁ። ጥፋቴ በገበያ ቀን እንዲነገርም ተወሰነ። ሁሉንም እሺ አልኩ። ጆሮዬ ውስጥ ያለው ግን ያቺ ቃል ብቻ ናት።

ሚያዝያ 3

በገበያ ተነገረ። ሰው እያየኝ ያልፋል። ሰባኪውም ሰምቷል፤ ለጊዜው ከአገልግሎት እንዳርፍ ተባልኩ። ካሳሁን ራሱም ጥፋቱን ተናግሮ ከመድረክ ወርዶ አብሮኝ ከምእመኑ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሳይነግረኝ ነው ያደረገው። ከተጋባን ወዲህ እንዲያ ወድጄው አላውቅም፤ ግን አልነገርኩትም።

ሚያዝያ 5

ዛሬም መዝጊያዬን ብቻዬን አነሳሁ። እስከ ወገቤ ደርሶ ቀረ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ባሂራ የሷን መዝጊያ በዑመይር ጓደኛ አስነስታለች። «እንደምን አደርሽ» አልኳት። ጎንበስ ብላ ጆንያዋን ፈታች።

ሚያዝያ 9

ዑመይር በምርኩዝ ወጣ። ከሱቁ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ «እትዬ ፀሐይ፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። እናቱ ከውስጥ ሳል አለች። ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ሚያዝያ 15

ስቲከሩን ከቀሩት ፓኬቶች ላይ ሁሉ ላጥኩ። ሙጫው ስለማይለቅ ፓኬቱ ቆሻሻ መስሏል። በላዩ በእጄ በአማርኛ ጻፍኩበት፦ የቻይና ነው፣ ለደጋ ብቻ። ማንም አልገዛም።

ሚያዝያ 21

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ የማላውቀው ወጣት ገበሬ ባሂራ ዘንድ በርበሬ ሲሸጥላት ቆየ። በሳንቃው በኩል ንግግራቸው ይሰማኛል። ሒሳቡን ከተቀበለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

«ይቺ ጎንሽ ያለችው ዘር ሻጭ ትታመናለች?»

እጄ ላይ የነበረውን አስቀመጥኩ። የሚዛኗ ሰንሰለት ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፣ ከዚያ እሱም ቆመ። ባሂራ መዋሸት አትችልም። ለማታውቃት ሴት እንኳ አልዋሸችም። የምትለውን ለመስማት ፈራሁ፤ አትታመንም ብትለውም የሚገባኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ሂድና ከየት እንደመጣ ጠይቃት» አለችው። «አሁን ትነግርሃለች።»

ጎንበስ ብሎ በመዝጊያው ሥር ገባ። ሙጫ የቀረበትን ፓኬት አንስቶ አገላበጠው።

«የየት አገር ነው?»

«የቻይና ነው። ለደጋ ነው የሚሆነው። መሬትህ የት ነው?»

«ወደ ቆሼ መውረጃ።»

«እንግዲያው አይሆንህም። በሙቀት አይጠቀልልም።»

 ፓኬቱን ቦታው መልሶ፣ ምንም ሳይገዛ ወጣ። በሳንቃው ማዶ የባሂራ ሚዛን እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ።